ሟቹ ምን ሠሪ ነበሩ? ስለ አንድ ጀርመናዊ በርሜል ሠሪና ስለ ዜና ዕረፍት ገጻችሁ

ይድረስ ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ሰላም፣ እንዴት ከረማችሁ። ጋዜጣችሁን ከመጨረሻው ገጽ ጀምሬ ነው የማነበው፣ ዜና ዕረፍትና የሙት ዓመት መታሰቢያ ካለበት ማለቴ ነው፣ እንደኔ የሚያደርግ ብዙ ሰው እንዳለም አውቃለሁ። ዛሬ የምጽፍላችሁም ስለዛው ገጽ ነው፣ ግን ሐሳቡ የመጣልኝ ከኛ ሰው ሳይሆን ከ100 ዓመት በፊት እዚህ ባልቲሞር ከሞተ አንድ የጀርመን በርሜል ሠሪ ስለሆነ ትንሽ ታገሱኝና ከሥሩ ልጀምርላችሁ። ዓመተ ምሕረቱን የኛ ነው ካላልኩ በቀር ሁሉም የፈረንጅ ነው።

ሥራዬ ሆም ኬር ነው። ላለፉት ሦስት ዓመታት የምንከባከባቸው አንድ ሴትዮ አሉ፣ 88 ዓመታቸው ነው፣ ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው፣ እኔ እማማ ነው የምላቸው፣ ትርጉሙን ስነግራቸው ደስ ብሏቸው በስማቸው ስጠራቸው አልሰማም ይሉኝ ጀመር። ወጥ ቤታቸው ግድግዳ ላይ በሁለት ሚስማር የተሰቀለ አንድ የቆየ ነገር አለ፣ ሁለት እጀታ ያለው በሁለት እጅ ይዘው ወደ ደረት እየሳቡ እንጨት የሚልጉበት ቢላዋ። ስለቱ ዝጓል፣ እጀታው ግን ከብዙ መያዝ የተነሳ እንደ ጠገራ ብር ያብለጨልጫል። መጀመሪያ ሳየው የጌጥ ዕቃ መስሎኝ አቧራውን እየጠረግኩ ነበር፣ "ልጄ ቀስ በይ፣ የአያቴ ነው፣ ከሱ የቀረን ይሄ ብቻ ነው" አሉኝ።

ስለ አያታቸው ምን እንደሚያውቁ ጠየቅኳቸው። ሦስት ነገር ነበር የሚያውቁት። አንደኛ ከሽቱትጋርት ነው የመጣው፣ ሁለተኛ ኤሊስ ደሴት ላይ ጸሐፊው ስሙን አበላሽቶ ጻፈበት፣ ሦስተኛ ቢራ ፋብሪካ ነበር የሚሠራው። ሰውየው በ1911 ሲሞት አባታቸው የስድስት ዓመት ልጅ ስለነበሩ ከዛ በላይ የሚነግራቸው አላገኙም። አንድ ቀን ሾርባ እያጠጣኋቸው "ሳልሞት ከየት መንደር እንደመጣ ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር" አሉ፣ እንዲሁ ለራሳቸው እንደሚናገር ሰው ነው ያሉት፣ እኔ ግን ነገሩ ሌሊቱን ሙሉ ሲከነክነኝ አደረ፣ ምክንያቱም እኔም የአባቴን የልጅነት መንደር በስም እንጂ በመልክ የማላውቅ ሰው ነኝ።

በቃ እንዲህ ተጀመረ። ከሰዓት ሲተኙ እኔ በላፕቶፕ፣ ሲነሱ አብረን፣ ወደ ሁለት ዓመት ፈጀብን።

የዘር ሐረግ ፍለጋ ከዛሬ ወደ ኋላ ነው የሚኬደው፣ እዚህ አገር ያለ ሰው መጀመሪያ የሚይዘው ደግሞ ሴንሰሱን ነው፣ የሕዝብ ቆጠራውን። በየ10 ዓመቱ ይቆጠራል፣ የሰዉ ስም ያለበት ወረቀት ግን 72 ዓመት ሳይሞላው ለሕዝብ አይከፈትም፣ የ1950ው የተከፈተው በ2022 ነው። ከዛ እየወረድን የ1910ሩን አገኘን፣ አባታቸው የአምስት ዓመት ልጅ ሆነው ተጽፈዋል፣ እማማ ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አድርገው ዝም አሉ። የአባወራው ሥራ "በርሜል ሠሪ"፣ የሚሠራበት ቦታ "ቢራ ፋብሪካ" ይላል። የ1900ው ደግሞ የበለጠ ይናገራል፣ የተወለደበትን ወርና ዓመት፣ አሜሪካ የገባበትን ዓመት፣ ሚስትየዋ ስንት ወልዳ ስንቱ በሕይወት እንዳለ ሳይቀር ይጠይቃል። ሰባት ወልዳ አራት ቀርተውላታል። ይሄ ታሪክ ቤተሰቡ ውስጥ ጨርሶ አይነሳም ነበር፣ ሦስት ልጆች፣ እማማ አክስትና አጎት የሚሏቸው ሰዎች በሕፃንነታቸው ሞተው ስማቸው እንኳን አልቀረም። ቀኑን ሙሉ ከፍቷቸው ዋሉ።

የ1890ውን ፈልጋችሁ እንዳትደክሙ፣ የለም። በጥር 1921 ዋሽንግተን የንግድ ሚኒስቴሩ ሕንጻ ሲቃጠል አብዛኛው ተበላሸ፣ የተረፈውም በኋላ ተወግዶ ከጥቂት ቁራጭ በቀር ጠፍቷል፣ ስለዚህ ከ1880 እስከ 1900 ያለው 20 ዓመት ትልቅ ቀዳዳ ነው። ያንን ቀዳዳ የምትደፍኑት በከተማው የነዋሪዎች ማውጫ ነው። ስልክ ቤት ለቤት ሳይገባ ጀምሮ በየዓመቱ ይታተም የነበረ ወፍራም መጽሐፍ ነው፣ ስም፣ ሥራ፣ አድራሻ፣ በቃ። እዛ ውስጥ ሰውየውን በየዓመቱ ተከተልነው፣ ስሙ በአራት ዓይነት ፊደል ተጽፏል፣ ቤት ቀይሯል፣ ሥራው ግን ሁሌ ያው ነው፣ በርሜል ሠሪ፣ በርሜል ሠሪ፣ በርሜል ሠሪ። በዚህ ስም ሌላ ሁለት ሰው ነበር፣ አንዱ ዳቦ ጋጋሪ አንዱ ጫማ ሠሪ፣ የኛን ከነሱ የምንለየው በሥራው ብቻ ነበር። ስሙ እንደ ጸሐፊው ጆሮ ይለዋወጣል፣ ሙያው አይለዋወጥም፣ እኔም ከዛ ቀን ጀምሮ የያዝኩት ክር ይሄንን ነው። በ1903 ያለበት አድራሻ በ1905 የለም፣ በመሃል የካቲት 1904 ባልቲሞር መሃል ከተማው ነዶ ከ1,500 በላይ ሕንጻ ወድሟልና ማውጫው ላይ ግማሽ ከተማ ነው ቤት የቀየረው።

አሁን ወደ ቢላዋው ልመልሳችሁ። አንድ ቀን እጀታውን በዘይት ስወለውል በጋለ ብረት የተተኮሰ ምልክት ታየኝ፣ መነጽር አምጥተን አየነው፣ ሁለት ፊደልና አንድ ቁጥር ነው። ቁጥሩ 1881። ሁለተኛው ፊደል ግን ያልጠበቅነው ሆነ፣ የቤተሰቡ ስም ዛሬ የሚጀምረው በሲ ነው፣ እጀታው ላይ ያለው ኬ ነው። ሴንሰሱ ደግሞ አሜሪካ የገባው በ1882 ነው ይላል። ስለዚህ ዕቃው እዚህ የተገዛ አይደለም፣ ሙያውን ጨርሶ ሲወጣ የራሱን ስም የተኮሰበት መሣሪያ ነው፣ ይዞት ነው ባሕር የተሻገረው። እማማ ቢላዋውን ከዛ በኋላ ከግድግዳ አውርደው አልጋቸው አጠገብ አደረጉት።

በኬ ስንፈልግ መርከቡ ተገኘ። 1882፣ ዕድሜ 19፣ ብቻውን፣ ሥራ በርሜል ሠሪ፣ ከብሬመን ወደ ባልቲሞር። በዛን ዓመት ብቻ ሩብ ሚሊዮን የሚሆን ጀርመናዊ ነው አሜሪካ የገባው፣ ከዛ በፊትም ከዛ በኋላም እንደዛ ያለ ዓመት የለም። ብዙ ሰው ኒውዮርክን ብቻ ነው የሚያስበው፣ ባልቲሞርም ግን ትልቅ በር ነበር፣ የብሬመኑ መርከብ ኩባንያና እዚህ ያለው የባቡር ኩባንያ በ1867 ተዋውለው ከ1868 ጀምሮ ሎከስት ፖይንት የሚባለው ወደብ ላይ ሰዉ ከመርከብ ወርዶ እዛው ባቡር ላይ ይሳፈር ነበር። ወደ ምዕራብ ያልሄደው ደግሞ እዚሁ ቀረ፣ የኛም ሰው ቀረ።

እዚህ ላይ የኤሊስ ደሴቱ ታሪክ ፈረሰ። ኤሊስ የተከፈተው ጥር 1 ቀን 1892 ነው፣ ሰውየው ከገባ 10 ዓመት በኋላ፣ ያውም በሌላ ከተማ። ደሞም እዛ የነበሩት ጸሐፊዎች ስም አይጽፉም ነበር፣ መርከቡ ሲነሳ የተጻፈውን ዝርዝር ይዘው ያመሳክራሉ እንጂ። ታዲያ ኬው መቼ ሲ ሆነ? ማውጫውን ዓመት በዓመት ሳገላብጥ ለውጡን በ1918 አገኘሁት። ያን ጊዜ አሜሪካ ከጀርመን ጋር ጦርነት ላይ ነበረች። ባልቲሞር መሃል "ጀርመን ስትሪት" የሚባለው መንገድ በዛው ዓመት ፈረንሳይ ላይ በወደቀ የከተማው መኮንን ስም ሬድዉድ ስትሪት ተባለ፣ እስከ ዛሬ እንደዛው ነው፣ ብዙ አበሻ በዛ መንገድ ሲመላለስ ይውላል። ኢሊኖይ ውስጥ ደግሞ በዛው ዓመት በሚያዝያ ሮበርት ፕራገር የሚባል ከድሬስደን የመጣ ስደተኛ፣ ዳቦ ጋጋሪ የነበረና በኋላ ማዕድን ቤት የሠራ ሰው፣ ሕዝብ ከብቦ ዛፍ ላይ ሰቅሎ ገድሎታል፣ ተከሰው የቀረቡት 11 ሰዎችም በነጻ ተለቀዋል። እንግዲህ በዚህ ጊዜ ነው የሰውየው የመጀመሪያ ልጅ፣ የእማማ አጎት፣ ኬዋን አውጥቶ ሲ ያስገባው። አባትየው ከሞተ ሰባት ዓመት አልፎታል። ቤተሰቡ ያንን ፍርሃት ለልጆቹ መንገር ስላልፈለገ ይመስለኛል ጥፋቱን ለኤሊስ ጸሐፊ የሰጠው። እማማ ይሄንን ሲሰሙ "አጎቴ ለምን ጀርመንኛ ሲሰማ ተነስቶ እንደሚወጣ አሁን ገባኝ" አሉ። አልፈርድበትም፣ ልጆቹን ሊያተርፍ ነው።

ዋናው ጥያቄ ግን አልተመለሰም፣ መንደሩስ? የመርከቡ ወረቀት "ጀርመን" ይላል፣ ሴንሰሱ "ጀርመን" ይላል፣ ዜግነት ሲወስድ የፈረመው ወረቀት የጀርመንን ንጉሠ ነገሥት መካዱን እንጂ የት እንደተወለደ አይናገርም፣ ከ1906 በፊት በየፍርድ ቤቱ እንደፈለጉት ነበር የሚጻፈው። ሀምቡርግ ቢሳፈር ኖሮ ከ1850 ጀምሮ ያለው የተሳፋሪ መዝገብ አለ፣ የብሬመኑ ግን ገሚሱን ራሳቸው ቦታ ጠበበን ብለው ጣሉት የቀረው በጦርነት ጠፋ። ሽቱትጋርት ብለን ደግሞ መጀመር አንችልም፣ እኛ ራሳችን ከየት ነሽ ስንባል አዲስ አበባ ብለን የለ፣ ፈረንጁ የማያውቀውን ስም ከመዘርዘር ትልቁን ከተማ መጥራት ይቀላል፣ ሰውየውም እንደዛ ብሎ ይሆናል።

ክሩ የተገኘው ከሙያው ስም ነው። ይሄን የነገሩኝ ቤተመጻሕፍት ውስጥ የተዋወቅኳቸው ጀርመንኛ የሚያነቡ አንድ አዛውንት ናቸው። "በጀርመን በርሜል ሠሪ አንድ ስም የለውም" አሉኝ። ሰሜንና ምሥራቁ ቦትሸር ይለዋል፣ ባቫሪያ ሼፍለር፣ ፍራንከን ላይ ቡትነር፣ ደቡብ ምዕራቡ ማለትም ቩርተምበርግና ባደን ኩፈር። አናጢውም እንደዛው ነው፣ ደቡቡ ሽራይነር ሰሜኑ ቲሽለር፣ ሥጋ ሻጩም ደቡብ ላይ ሜትስገር ሌላ ቦታ ፍላይሸር ነው። ስለዚህ ሰውየው ራሱን በጀርመንኛ ምን ብሎ ይጠራ እንደነበር ካገኘሽ ግማሽ አገሩን አገኘሽ ማለት ነው አሉኝ። አንድ ሰው በገዛ ቋንቋው ስለ ሙያው የሚጽፈው ደግሞ የት ነው? በገዛ ቋንቋው ጋዜጣ ላይ።

ባልቲሞር ከ1841 ጀምሮ ደር ዶይቸ ኮረስፖንደንት የሚባል የጀርመንኛ ጋዜጣ ነበራት፣ ልክ እንደናንተ ለስደተኛው በስደተኛው ቋንቋ የሚታተም፣ 77 ዓመት ኖሮ በዛው በ1918 ነው የተዘጋው። ዛሬ ገጾቹ ስካን ተደርገው ኦንላይን በነጻ ይገኛሉ። ችግሩ ፊደሉ ነው፣ ፍራክቱር የሚባለው ጥቁርና ማዕዘናም የድሮ ጀርመን ኅትመት ስለሆነ ኮምፒውተሩ ሲያነበው ይሳሳታል። በኬ ፈለግኩ፣ የለም። በሲ ፈለግኩ፣ የለም። ሳምንታት ነው የሄደው። በኋላ የፊደሎቹን ገበታ አውጥቼ አንድ በአንድ ሳየው በዚህ ኅትመት ኬ የሚባለው ፊደል ልክ አር ይመስላል፣ ከሥር ያለችው እግሩ ብቻ ናት የምትለየው። በአር ጻፍኩ። ወጣ።

የጣት ጥፍር የምታክል የሐዘን ማስታወቂያ ናት። ሌሊት ስድስት ሰዓት ነበር፣ ብቻዬን ነበርኩ፣ ጀርመንኛ አላነብም ግን ስሙንና የልጆቹን ስም አወቅኩት፣ እጄ ሲንቀጠቀጥ ትዝ ይለኛል። በማግስቱ አዛውንቱ አነበቡልን። ውድ ባሌና አባታችን ኩፈርማይስተር (የበርሜል ሠሪ ባለሙያ አለቃ ማለት ነው) እገሌ፣ ተወላጅነቱ ቩርተምበርግ፣ እንትን ወረዳ፣ እንትን መንደር፣ በ47 ዓመት ከ8 ወር ከ11 ቀን ዕድሜው አረፈ፣ ቀብሩ እሁድ ከቤት ይነሳል። የመንደሩን ስም እዚህ የማልጽፈው ዘመዶቹ ዛሬም እዛ ስላሉና ሳላስፈቅድ ስለማይሆን ነው፣ ኔካር የሚባለው ወንዝ አካባቢ ወይን የሚያበቅል ትንሽ መንደር ነው፣ ወይን ባለበት ደግሞ በርሜል ሠሪ አለ።

ዕድሜውን በቀን ቆጥረው ስለጻፉት የተወለደበትን ቀን ወደ ኋላ ማስላት ቻልን። መንግሥት በመላው ጀርመን ልደት መመዝገብ የጀመረው በ1876 ነው፣ ከዛ በፊት የተወለደ ሰው ያለው ቤተክርስቲያን መዝገብ ውስጥ ነው፣ በቩርተምበርግ ደግሞ ደስ የሚል ነገር አላቸው፣ ከ1808 ጀምሮ እያንዳንዱ ደብር የቤተሰብ መዝገብ እንዲይዝ ታዝዞ ነበር፣ አንድ ቤተሰብ አንድ ገጽ፣ ባል፣ ሚስት፣ ወላጆቻቸው፣ ልጆቻቸው ከነልደትና ሞታቸው። የፕሮቴስታንቶቹ አሁን በክፍያ ኦንላይን ይታያል። ጽሑፉ ኩሬንት የሚባል የእጅ ጽሑፍ ነው፣ የዛሬ ጀርመን ራሱ አያነበውም፣ ኢ ፊደል ኤን ትመስላለች፣ ዩ ከኤን የምትለየው ከላይዋ ባለችው ቅስት ነው። ከአዛውንቱ ጋር ሦስት ቅዳሜ ተቀመጥን።

ገጹ ተገኘ። አባትየው ኩፈር፣ አያትየው ኩፈር፣ ቅድመ አያትየው ኩፈር። ልጆች ዘጠኝ። በዛ አካባቢ መሬት ለልጆች ሁሉ እኩል ነው የሚከፋፈለው፣ እየተከፋፈለ ሄዶ አንዱ ልጅ የሚደርሰው ሁለት ረድፍ ወይን ይሆናል፣ ሰዉ የተሰደደበት አንዱ ምክንያት ይሄው ነው፣ ይሄንን የጎጃምም የሸዋም ገበሬ ሳይነገረው ይረዳዋል። የኛ ሰው አምስተኛ ልጅ ነው። ከስሙ ፊት ለፊት ባለው ባዶ ቦታ፣ የሌሎቹ ጋብቻና ሞት በተጻፈበት ዓምድ ላይ፣ አንድ ቃል ብቻ አለች፣ "አሜሪካ"። ቄሱ ከዛ በኋላ ምንም አልጻፉበትም።

እማማ ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዛ "እናቱ በየእሁዱ ይሄንን መዝገብ የሚይዙትን ቄስ ታያቸው ነበር አይደል" አሉኝ። ነርስ ናቸው፣ ቶሎ የሚያለቅሱ ሰው አይደሉም።

አሁን ወደ አባቴ ልምጣ። አባቴ አዲስ አበባ ማተሚያ ቤት ውስጥ ፊደል ለቃሚ ነበር። ከ200 በላይ የሆነውን ፊደላችንን እያንዳንዷን የእርሳስ ፊደል ከየሳጥኗ በጣቱ እየለቀመ፣ ከግራ ወደ ቀኝ የተገለበጠ ጽሑፍ እንደ ዳዊት እያነበበ፣ ስንት ዓመት ለአገሩ ጋዜጣና መጽሐፍ ደርድሯል። ማታ ሲመጣ የጣቱ ጫፍ ግራጫ ነበር፣ በሎሚ ይታጠበው ነበር። ይሄን የማነሳው እዚሁ ባልቲሞር ሎደን ፓርክ የሚባለው መካነ መቃብር ውስጥ ኦትማር መርገንታለር የሚባል ሰው ስለተቀበረ ነው። እሱም ቩርተምበርግ፣ ሀኽተል የሚባል መንደር በ1854 የተወለደ፣ የአስተማሪ ልጅ፣ ቢቲግሃይም ሰዓት ሠሪነት ተምሮ በ1872 በ18 ዓመቱ የመጣ ስደተኛ ነው፣ መጀመሪያ ዋሽንግተን የጌታው ልጅ ሱቅ ተቀጠረ፣ በኋላ ባልቲሞር ላይ ሊኖታይፕን ሠራ፣ በ1886 ኒውዮርክ ትሪቢዩን ጋዜጣ ቤት ገብቶ ሥራ ጀመረ። በ90 ቁልፍ የሚመታ፣ መስመሩን በአንዴ ከቀለጠ እርሳስ የሚያወጣ ማሽን ነው፣ በየአገሩ ፊደል በእጅ መልቀምን ያስቀረው እሱ ነው። የኛ ፊደል ግን 90 ቁልፍ አይበቃውም፣ አባቴ እስከ ጡረታው በእጁ ነው የለቀመው። መርገንታለር በሳንባ ነቀርሳ በ45 ዓመቱ በ1899 ሞተ፣ ለሕክምና ሄዶበት የነበረው ኒው ሜክሲኮ ያለው ቤቱ ተቃጥሎ የጻፈው የሕይወት ታሪኩ ቢጠፋበት እንኳን ታሪኩ አልጠፋም፣ ፓተንቱ አለ፣ ጋዜጣው አለ፣ እዚህ በስሙ ትምህርት ቤት አለ። እዛው ከተማ የሠራው በርሜል ሠሪ ግን ምን አለው? በርሜሎቹ የሉም፣ በ1920 መጠጥ ሲከለከል ቢራ ፋብሪካዎቹ ተዘጉ፣ ሙያውን የያዘው ልጁ ሥራ ፈታ፣ ቀጥሎ የብረት በርሜል መጣ። ያለችው ያቺ የጥፍር ታህል ማስታወቂያ ናት። እሷም የተገኘችው ሚስቱ አዝና ጋዜጣ ቤት ስትሄድ ሙያውንና መንደሩን ስለነገረቻቸው፣ ጋዜጣ ቤቱም ሳያሳጥር ስላተመው ነው።

አባቴ በሞተ ጊዜ በሌላ ጋዜጣ (ስሙን አላነሳም) ላይ ማስታወቂያ አስወጥቼ ነበር። የጻፍኩትን አሳጥረው "አቶ እገሌ በተወለዱ በ76 ዓመታቸው አርፈው ሥርዓተ ቀብራቸው ተፈጽሟል" ብለው አወጡት። ትውልዱ የለም፣ ሥራው የለም። ደውዬ ስጠይቅ ቦታ ጠበበን አሉኝ። እኔም ያኔ ብዙ አልተከራከርኩም፣ ምክንያቱም እውነቱን ለመናገር እኛ ቤት ሙያ ብዙ አይነገርም። አፄ ምኒልክ በኛ በ1900 ዓ.ም ባለእጅን የሚሰድብ እንዲቀጣ አዋጅ እስከማስነገር ያደረሳቸው ነገር አሁንም ከውስጣችን አልወጣም፣ አባቱ ሸማኔ የነበረ ሰው ዜና ዕረፍቱ ላይ "ነጋዴ" ይባላል፣ አንጥረኛው "የተከበሩ" ይባላል፣ ከዛ በኋላ ልጅ ምን ይዞ ይፈልግ? ጀርመኑ ኩፈርማይስተር ብሎ ከስሙ ፊት አስቀድሞ ጻፈው፣ ለዛም ነው ከ100 ዓመት በኋላ የልጅ ልጁ ያገኘችው።

የኛ ደግሞ ከነሱ የባሰ ይሆናል ብዬ እሰጋለሁ። የቤተሰብ ስም የለንም፣ እዚህ ስንመጣ የአያት ስም ይደርቅና ልጅም የልጅ ልጅም ያንኑ ይዞ ይቀራል፣ ጸጋዬ የሚለውን ስም በእንግሊዝ ፊደል በስንት ዓይነት እንደሚጻፍ እናንተ ከኔ በላይ ታውቃላችሁ፣ አንድ እናት የወለዷቸው ሁለት ወንድማማቾች ፓስፖርታቸው ላይ የተለያየ ስም ይዘው የሚኖሩበት ጊዜ ነው። ክርስትና ስም ሌላ፣ የቤት ስም ሌላ። ከ100 ዓመት በኋላ አማርኛ የማያነብ የልጅ ልጃችን አንድ ቀን ጋዜጣችሁን በማሽን እያስነበበ ሲፈልገን፣ ማሽኑም ሰን ሠ እያለ፣ ሀን ሐ እያለ ሲሳሳትበት፣ ከሌላው አቶ ተስፋዬ የሚለየን ምን ሊሆን ነው?

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ይሄንን ነው። ዜና ዕረፍት ይዞ የሚመጣውን ቤተሰብ ሦስት ነገር ጠይቁልን፣ ሟቹ የተወለዱበትን አውራጃ ብቻ ሳይሆን ቀበሌውን ወይ ደብሩን፣ የአባትና የእናታቸውን ሙሉ ስም፣ እና በእጃቸው የሠሩትን ሥራ። ሹፌር ከሆኑ ሹፌር፣ ጠላ ሻጭ ከሆኑ ጠላ ሻጭ፣ እዚህ መጥተው ፓርኪንግ የሠሩ ከሆነ እሱንም። ቦታ ካነሰ "በሐዘናችን ጊዜ ከጎናችን ለቆማችሁ" የሚለውን ምስጋና አሳጥሩት፣ ሰዉ ይረዳል፣ ካስፈለገም ለተጨማሪው መስመር እንከፍላለን።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር የአባቴን የሙት ዓመት ማስታወቂያ ልኬላችኋለሁ፣ ሚያዝያ ላይ እንዲወጣልኝ ነው። ትውልዱ ቡልጋ ይላል፣ የተጠመቀበትን ደብር ጠርቻለሁ፣ የሴት አያቴንም ስም አግብቻለሁ። የፊደል ግድፈት ካያችሁ አርሙልኝ፣ ፎቶውንም ከጠበባችሁ ተዉት፣ ከስሙ ቀጥሎ ያለውን "ፊደል ለቃሚ" የሚለውን ግን እንዳታወጡብኝ።

አክባሪያችሁ፣
ከባልቲሞር